ሐምሌ ከመግባቱ በፊት፦ የክረምት የልጆች አገልግሎት ከወላጅ ደጅ ሲጀምር

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ክረምት ነው። ገና ግንቦት ላይ ሆነን ስለ ሐምሌ ማውራት የቸኮልን ሊያስመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሐምሌ ላይ የሚታሰብ የክረምት አገልግሎት ነሐሴ ላይ ነው የሚጀመረው፣ ነሐሴ ደግሞ ለዚህ ሥራ የማይመች ወር ነው። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ካርድ ይሰጣል፣ ደብተር ይጣላል፣ ዩኒፎርም ታጥቦ ይሰቀላል። ከዚያ እስከ መስከረም ሁለት ወር ያህል ልጁ ቤት ነው። እናት በጠዋት ወጥታለች፣ አባትም እንዲሁ። «ታናሽህን ጠብቅ» ተብሎ ቁልፍ የተሰጠው ልጅ ራሱ ስንት ዓመቱ ነው? ዘጠኝ፣ ዐሥር። እስከ ቀትር ሜዳ ላይ ኳስ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ቤት ተዘግቶ ቴሌቪዥንና ስልክ። ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ የሚጠይቀው ማን አለ? ወላጅ ይህን አያውቅም አትበሉ። ያውቃል፤ ሥራ ቦታው ሆኖ ልቡ ቤት ነው።

የእኛ አዳራሽስ? እሑድ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ግን በብዙ አጥቢያ ወንበሩ ተደርድሮ፣ በሩ ተቆልፎ ይውላል። በአንድ ሰፈር ውስጥ ሰው የሌለበት አዳራሽና ጠባቂ የሌላቸው ልጆች ካሉ፣ ነገሩን ለማየት የተለየ ራእይ አያስፈልገንም፤ ዐይን ይበቃል።

ሌሎችም በየዘመናቸው ያዩት ነገር ነው። በ1780 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሬይክስ የተባለ የጋዜጣ አሳታሚ በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተር ከተማ፣ ሳምንቱን በሥራ ለሚያሳልፉ የድሃ ልጆች እሑድ እሑድ ንባብና መጽሐፍ ቅዱስ የሚማሩበትን ክፍል አስጀመረ። ሰንበት ትምህርት ቤት በስፋት የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ሚስስ ሆውስ የተባሉ የባፕቲስት አማኝ፣ ትምህርት ተዘግቶ ጎዳና ላይ የሚውሉ የስደተኛ ልጆችን አዩ። ለሥራው ያገኙት ቦታ የቢራ መሸጫ ቤት ነበር። እሱኑ ተከራይተው ልጆቹን በየዕለቱ ማስተማር ጀመሩ። እስቲ አስቡት፣ እሳቸው ቢራ ቤት ተከራዩ፤ እኛ የራሳችን አዳራሽ አለን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከውጭ ተተርጉመው የሚመጡት የልጆች አገልግሎት መጻሕፍት የተጻፉት ትምህርት በፀሐይ ወራት ለሚዘጋበት አገር ነው። የውሃ ጨዋታ አለበት፣ ሜዳ ላይ ሩጫ አለበት፣ ድንኳን ውስጥ አዳር አለበት። የእኛ ሐምሌ ጭቃ ነው። መጽሐፉን እንዳለ ገልብጦ ልጆችን በብርድ ውሃ ማራጨት አያስፈልግም። የእኛ ክረምት የተረት፣ የመዝሙር፣ የእጅ ሥራና ተጠጋግቶ የመቀመጥ ወቅት ነው፤ ይህ ደግሞ ለቃሉ የሚመች ነው።

ጌታ ልጆቹን ለማን ሰጠ?

ወደ ዕቅዱ ከመግባታችን በፊት የሉቃስን ወንጌል እንክፈት። ምዕራፍ 7 ላይ ጌታ የናይንን መበለት ልጅ ከሞት አስነሣ። ወጣቱ ተነሥቶ መናገር ጀመረ። ጌታ ይዞት መሄድ፣ በየከተማው ምስክር አድርጎ ማሳየት አይችልም ነበር? ይችል ነበር፤ ግን ለእናቱ አስረከባት። ምዕራፍ 8 ላይ ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሲገባ ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት ጋር የልጅቱን አባትና እናት ይዞ ገባ። ልጅቱ ስትነሣም የምትበላው እንዲሰጣት አዘዘ። ምዕራፍ 9 ላይ ርኩስ መንፈስ ሲጥለው የነበረውን ልጅ ፈወሰና ለአባቱ መለሰለት።

ሦስት ምዕራፍ፣ ሦስት ቤት፣ አንድ ዓይነት አካሄድ። ጌታ ልጅን ነክቶ ከወላጁ አልነጠለም።

አሁን የራሳችንን የክረምት ሪፖርት እናንብብ። «ይህን ያህል ልጆች መጡ፣ ይህን ያህሉ እጃቸውን አነሡ፣ ይህን ያህል ብስኩት ታደለ።» የእናቶቹስ ስም የት አለ? አባትየው ልጁ ሦስት ሳምንት የት ሲውል እንደነበረ ያውቃል? ካላወቀ፣ ወገኖቼ፣ እኛ ያን ልጅ አንድ ነገር አስተምረነዋል፤ ከወላጅ መደበቅን። ጠዋት «አባትና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ በቃሉ እናስጠናዋለን፤ ማታ እናቱ «የት ዋልክ?» ስትለው «ኳስ ስጫወት» ይላታል።

«ጌታ ስለ እርሱ አባትና እናትን ስለ መተው ተናግሯል እኮ» የሚል ይኖራል። ተናግሯል። ግን በዚያው በሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ወዲያው የሚያነሣው ግንብ ሊሠራ ተቀምጦ ዋጋውን ስለሚቆጥር ሰው ነው። ዋጋ መቁጠር ለሚችል አዋቂ የተነገረውን ለሰባት ዓመት ልጅ አናሸክመው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የክረምቱ ዕቅድ ከልጁ ሳይሆን ከወላጁ ደጅ ይጀምር።

ሳንጠራ በፊት እንጠይቅ

ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በአጥቢያችሁ ዙሪያ ወዳሉ ቤቶች ሂዱ። ወረቀት ለመበተን አይደለም፤ ለመጠየቅ ነው። «ክረምት ላይ ልጆቹን ማን ይጠብቅልዎታል? በስንት ሰዓት ነው ቤት ሰው የማይኖረው? የትኛው ትምህርት ከበዳቸው?» ይህን ስትጠይቁ አብዛኛው ወላጅ የሚነግራችሁ ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ። እንግዲህ የማጠናከሪያ ትምህርት በዕቅዳችሁ ውስጥ ይግባ። ግን በግልጽ ተናገሩ፦ «ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስተምራለን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም እናስተምራለን፣ መዝሙርም እንዘምራለን።» ሒሳቡን ደጅ ላይ ለጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱን ጓዳ መደበቅ የወንጌል ሥራ አይደለም። በወንጌል የማናፍር ከሆነ በወረቀታችንም ላይ አንፈር።

ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ነው፣ ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። አንዳንዱ «ለሒሳቡ ይምጣ፣ ለሌላው አልፈቅድም» ይላል። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ቃላችሁን ጠብቁ። ልጁ ለሒሳብ ይምጣ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይሂድ። ያ አባት ስለ ክርስቶስ የሚሰማው የመጀመሪያው ስብከት እናንተ ቃላችሁን መጠበቃችሁ ሊሆን ይችላል። «አይሆንም» ያለውንም ወላጅ አመስግናችሁ ተመለሱ፤ ልጁን ከረሜላ አሳይታችሁ በኋላ በር አትጥሩት። የፈቃድ ወረቀት ይኑር። የልጁ ስም፣ ዕድሜው፣ የወላጅ ስልክ፣ ልጁን የሚወስደው ሰው ስም፣ የማይስማማው ምግብ ወይም ያለበት ሕመም፣ ፊርማ። መፈረም ለማይችል ወላጅ አንብባችሁለት በቃል ይስማማ፣ የጣት አሻራውን ያኑር።

ቤት ለቤት ስትሄዱ አንድ ዓይነት ልጅ ከዐይናችሁ እንዳያመልጥ። በር የምትከፍትላችሁ፣ እጇ የተላጠ፣ ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ። ከገጠር «ትማራለች» ተብላ ዘመድ ቤት የመጣች። የቤቱ ልጆች ሲመዘገቡ እሷ ቡና ታፈላለች። «እሷስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤቱ እመቤት የእኛው የመዘምራን አባል ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ ጥያቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ጠዋት እንኳ ብትለቀቅ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። እንዲሁም በአካል ጉዳት ምክንያት ጓዳ የሚውል ልጅ ካለ፣ እንዴት እንደሚመጣ ከእናቱ ጋር ተነጋገሩ፤ አዳራሹ ደረጃ ካለው የሚሸከሙ ወጣቶች አታጡም።

ለምን ሐምሌ?

ነሐሴ አይመችም ያልኩት ለዚህ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ብዙ የኦርቶዶክስ ልጆች የሚጾሙት ይህን ጾም ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ይሄዳሉ፣ ያስቀድሳሉ። ቀጥሎም ነሐሴ 13 ቡሄ አለ፤ ወንዶቹ ልጆች ከቀናት በፊት ጀምሮ ዱላቸውን አዘጋጅተው ሆያ ሆዬ ይላሉ። በዚህ ሰሞን ልጆችን ወደ እኛ አዳራሽ መጥራት ከጎረቤት ቤት ጋር ገመድ መጓተት ነው። የሙስሊም ልጆችም በክረምት ጠዋት ጠዋት ቁርኣን የሚቀሩ አሉ፤ ሰዓቱን ጠይቁ። ስለዚህ ከሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ በሐምሌ መጨረሻ ጨርሱ። አራት ሳምንት በቂ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እናስተምር ብለው ጀምረው በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪ ያለቀባቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። አዲስ አበባና ደጋው አካባቢ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ልጆቹ ሳይረጥቡ ይገባሉ። ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ወይም ወንዝ የሚሻገሩ ልጆችን ብቻቸውን አትልቀቁ። ዝናብ ከጀመረ ወላጅ እስኪመጣ አዳራሽ ውስጥ ይቆዩ።

ገጠር ያላችሁ ወገኖች፣ ይህ ሰሌዳ ለእናንተ አይሆንም። ክረምት የእርሻ፣ የዘር፣ የአረም ጊዜ ነው፤ ልጁ ከብት ይጠብቃል። በየጠዋቱ ይምጣ ማለት አባቱን እጁን መቀማት ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁለት ሰዓት ብትጨምሩ፣ ወይም ከብቶቹ ወደሚሰማሩበት መስክ አንድ አስተማሪ ብትልኩ ይሻላል። ዳዊት መዝሙር የለመደው አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ደግሞም ክረምት በብዙ ቦታ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው፤ ኢያኢሮስ ቤት ጌታ ያዘዘውን አስታውሱ፣ የሚቀመስ ነገር አይጥፋ።

መክሰስን ካነሣን አይቀር፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ልጅ አለ። ወተትና ቅቤ ያለበት ብስኩት ሰጥቶ ልጅን ጾሙን ማስፈታት ለእኛ ቀላል ነገር ሊመስለን ይችላል፤ ለእናቱ ግን አይደለም። ቆሎ፣ የጾም ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሻይ። ለሁሉም ይሆናል፣ ርካሽም ነው። ሥጋ አይቅረብ፤ የክርስቲያን ነው፣ የእስላም ነው የሚል ጣጣ ውስጥ አንገባም።

በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ምን ይሠራ? ከመዝሙርና ከጸሎት በኋላ አንድ ታሪክ፣ ቀጥሎ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ መክሰስ፣ የእጅ ሥራ ወይም ጨዋታ። ታሪኩ አንድ ብቻ ይሁን። ወርዱን ሙሉ ከአንድ ወንጌል ብትወስዱ ልጆቹ ጌታን እንደ አንድ ሰው ያውቁታል እንጂ እንደ ተበታተነ ሥዕል አያዩትም። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዞ ቤቱ ይግባ። ጌታ ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘበትን ታሪክ የሰማ ልጅ ማታ አባቱን «አባዬ፣ ልጅ ሆነህ የምትፈራው ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ስለ ጠፋው በግ የሰማ ልጅ አያቱን «አንቺ ጠፍተሽ ታውቂያለሽ?» ይበላት። ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ ድንጋዮቹ የቆሙት ልጆች አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ ነው። ያ ጥያቄ እናንተ የማትደርሱበት ማዕድ ላይ ይቀርባል። በማግስቱ መልሱን ሲያመጡ አዳምጡ፤ ስለ ቤተሰቡ ከማንኛውም ቅጽ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ስለ ውሳኔ ጥሪም አንድ ቃል። መቶ ልጆች ባሉበት «ኢየሱስን የሚወድ እጁን ያንሣ» ብትሉ መቶውም ያነሣል፤ ጓደኛው አንሥቷላ! ያንን ቆጥሮ ሪፖርት ላይ መጻፍ ደግ አይደለም። ልጅ ጌታን ያምናል፣ እኔ በዚህ አልጠራጠርም። ግን የሚያምነውን ልጅ በጥሞና አነጋግሩት፣ ወላጁም ይወቅ።

ልጆቹን ከማን እንጠብቅ?

ይህን ክፍል አትዝለሉት። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይገኝ። ማንም ይሁን። ሽማግሌም ቢሆን፣ መጋቢም ቢሆን፣ ሃያ ዓመት ያገለገለም ቢሆን። «ወንድም እገሌን ትጠረጥሩታላችሁ?» ለሚል መልሱ «ሥርዓቱ ለሁላችንም ነው» የሚል ነው። ንጹሑን ወንድምም ከሐሜት የሚጠብቀው ይኸው ሥርዓት ነው። በየክፍሉ ሁለት አገልጋዮች ይኑሩ፣ በር ክፍት ይሁን፣ ትንንሾቹ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁለት ሁለት ሆነው ከአንዲት እህት ጋር ይሂዱ። ጠዋት ስም ይጻፍ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ ወረቀቱ ላይ ስሙ ላለው ሰው ብቻ ይሰጥ። «አጎቱ ነኝ» ያለ ሁሉ አጎት አይደለም። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ማንም በስልኩ አያሰራጭ።

አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ወይም ሌላ ቦታ እየተጎዳ መሆኑን ቢነግራችሁስ? የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ልጅ ይናገራል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። በጸጥታ ስሙት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ልትጠብቁት አትችሉምና። ደጋግማችሁ አትመርምሩት። ለዚህ ለተመደበው ሰው በዚያው ቀን ንገሩ፤ እሱም ለፖሊስና በወረዳው ላለው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ይህ በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ የሚሸፈን ነገር የልጁን ነፍስ ያጠፋል፤ ጌታ ስለ ወፍጮ ድንጋይ የተናገረውን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ አያመነታም።

አገልጋይ ከየት ይምጣ? ክረምት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም በእጃቸው ነው፣ ብዙዎቹም ሥራ ፈትተው ይከርማሉ። ከእነሱ ጋር ልጅ ያሳደጉ እናቶችን አጣምሩ፤ ወጣቱ ያዘምራል፣ እናት ያለቀሰውን ታባብላለች። ሰኔ ላይ ሦስት ቅዳሜ ሥልጠና ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ አሁን ባነሣነው ጥበቃ ላይ ይሁን።

ቅዳሜ የቤተሰብ ነው

በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወላጆች ይጠሩ። ቡና ይፈላ። የአንድ ሰዓት ስብከት አታድርጉት። ልጆቹ የሳምንቱን መዝሙር ያሳዩ፤ ለሌላ ነገር የማይመጣ አባት ልጁ መድረክ ላይ ሲወጣ ለማየት ይመጣል። ከዚያ ወላጆች የሚጨነቁበትን ነገር አንሡ፦ ስልክ በስንት ዓመት ይሰጠው? ልጄ ሳነበው አይሰማኝም፣ እኔም ማንበብ አልችልም፣ ምን ላድርግ? የመስከረምን ወጪ እንዴት ልወጣው? አጥቢያችሁ ውስጥ መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ የቁጠባ ማኅበር የምትመራ እህት አለች፤ እነሱ ይናገሩ። በዘዳግም ምዕራፍ 31 ላይ ሙሴ ሕጉ ሲነበብ ወንዱም ሴቱም ልጁም በደጅ ያለው መጻተኛም አንድ ላይ እንዲሰበሰቡ አዟል። እኛ ወንዶችን ለብቻ፣ ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ ስንሰበስብ እንከርማለን፤ በክረምት እንኳ አንድ ላይ ብንቀመጥ ምን አለበት?

ነሐሴን ለጉብኝት ተዉት። ሁለት አገልጋዮች የራሳቸውን ክፍል ልጆች ቤት ለቤት ይዩ፣ ጾሙንም እያከበሩ። በዚህ ወር የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም የወላጅን እንቅልፍ ይነሣል። ለአንድ ቀን የልጆች ቲሸርት ለማሳተም የተያዘ ገንዘብ ካለ፣ ቲሸርቱ ይቅርና ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛበት። ሲሰጥም ካሜራ ፊት አሰልፎ አይሁን፤ ጳጉሜን ላይ በጉብኝቱ መካከል ለእናት እጅ ይሰጥ።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ሲሆን፣ ያው አስተማሪ ወደዚያው ቤት ይመለስ። ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ክፍሉ እንደሚቀጥል ይንገር፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደገባ ይጠይቅ፣ ያቺ ከገጠር የመጣችው ልጅ ተመዝግባ እንደሆነም ይጠይቅ። መዝገቡን አሁን ስታዘጋጁ ከልጁ ስም አጠገብ ለእናትና ለአባት ስም ቦታ ተዉ፤ ከእሱም ቀጥሎ ለመስከረም ጉብኝት አንድ ባዶ ዓምድ አስምሩ።